ስለ በረራ ኢንስፔክተሮች ክብርና ነጻነት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኢንስፔክተሩ እውነቱን ከአብራሪው አንደበት ያገኝ ዘንድ ስለሚያስፈልገው ሥርዐት

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ መሪዎችና ሹማምንት፤

ዕድሜውን በበረራ ሞያ ፈጽሞ ዛሬ በጡረታ የሚኖር አንድ አብራሪ፣ ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን በአገልግሎቱ ዘመን የተማረውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ለማካፈል ፈልጎ ይህን ደብዳቤ ያቀርብላችኋል። በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቼ መልሱን መጠበቅ ሲቻለኝ በአደባባይ መጻፌ፣ ነገሩ የእናንተና የአብራሪዎች ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ለልቅሶም ለሠርግም፣ ለንግድም ለሕክምናም ብሎ ትኬት ቆርጦ የሚሳፈር ሰው ሁሉ፣ ስሙን እንኳ ለማያውቀው ካፒቴን ነፍሱን ዐደራ የሚሰጠው፣ ያንን ካፒቴን መርምሮ ብቁ ነው ብሎ የፈረመ ሌላ ሰው መኖሩን አምኖ ነውና። የምናገረውም ስለዚህ ሁለተኛ ሰው፣ ስለ በረራ ኢንስፔክተሩ ነው።

በ1937 ዓ.ም. የአገራችን መልእክተኞች በተገኙበት ጉባኤ በቺካጎ ከተማ የተወለደው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት፣ በ32ኛው አንቀጽ የአብራሪውን ፈቃድ አውሮፕላኑ የተመዘገበበት መንግሥት እንዲሰጥ ወይም እንዲያጸድቅ ያዛል፤ በ33ኛው አንቀጽ ደግሞ ይህ ፈቃድ ከተወሰነው ዝቅተኛ ደረጃ እስካልጐደለ ድረስ ሌሎቹ ተዋዋይ መንግሥታት እንዲቀበሉት ግዴታ ይጥላል። እንግዲህ አዲስ አበባ ተቀምጦ የአንድን ወጣት ካፒቴን የብቃት ምዘና ወረቀት የሚፈርም ኢንስፔክተር፣ ፊርማው በፍራንክፈርትም በዋሽንግተንም በጓንግዡም ተቀባይነት የሚያገኝ፣ ኢትዮጵያ ለዓለም የሰጠችውን ቃል በእጁ የያዘ ሰው ነው። ከአንድ ሚኒስትር በቀር ይህን ያህል ርቆ የሚሄድ ፊርማ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ይህን ያህል ሥልጣን የተሸከመ ሰው በገዛ ዐይኑ የሚያየው ምን ያህል እንደ ሆነ ስንመረምር እጅግ ጥቂት ሆኖ እናገኘዋለን። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ መጥቶ የአብራሪውን ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት፣ የአውሮፕላኑን የምዝገባና የአየር ብቁነት ሰነድ፣ የጭነቱንና የሚዛኑን ስሌት ይጠይቃል፤ በሲሙሌተር ውስጥ ሞተር ጠፍቶ ወይም እሳት ተነሥቶ አብራሪው የሚያደርገውን ይመዝናል፤ በመስመር በረራም ከሁለቱ አብራሪዎች ኋላ ባለችው ወንበር ተቀምጦ እጃቸውንና አንደበታቸውን ይከታተላል። በዚያች ሰዓት ግን አብራሪ ሁሉ እንደ መጽሐፉ ይሠራል፤ ቼክሊስቱ በጠራ ድምፅ ይነበባል፣ ከፍታው ሳይዛነፍ ይጠበቃል፣ ረዳት አብራሪው ያልገባውን ይጠይቃል፣ ካፒቴኑም በትሕትና ይመልሳል። ኢንስፔክተሩ ከወረደ በኋላ በሚደረጉት በረራዎች እንቅልፍ አጥቶ የተነሣው ማን እንደ ሆነ፣ ሰዓት እንዳያልፍ ተብሎ በመዝገብ ሳይሰፍር የቀረው ብልሽት የቱ እንደ ሆነ፣ በጭጋግ ውስጥ መመለስ ሲገባው ደፍሮ ያረፈው ማን እንደ ሆነ፣ ከሠሩት ሰዎች በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እኔ የደረስሁበት ሐሳብ ይህ ነው፤ መንግሥት ስለ በረራ ከሚያየው ይልቅ በወሬ የሚሰማው ይበዛል፤ የአብራሪውን አንደበት የሚዘጋ ነገር ሁሉ፣ ፍርሃትም ይሁን ወዳጅነት፣ የመንግሥትን ዐይን ያሳውራል።

አብራሪዎች ስለ ኢንስፔክተሮች የሚሰጡት አስተያየት ብዙውን ጊዜ መራራ ነው። በአሜሪካ አብራሪዎች ዘንድ የኖረ አንድ ቀልድ እንደሚለው፣ በአቪዬሽን ዓለም ከሚነገሩት ውሸቶች ታላላቆቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ኢንስፔክተሩ በበሩ ሲገባ ልረዳችሁ መጣሁ የሚለው፣ ሁለተኛውም ተመርማሪው በመምጣትዎ ደስ ብሎናል ብሎ የሚመልሰው ነው። ይህ ቀልድ የሚያስቀው ሁለቱም ወገኖች እንደሚዋሹ እርስ በርሳቸው ስለሚያውቁ ነው፤ መንገደኛው ግን በዚህ የሚስቅበት ምክንያት የለውም።

ጥርጣሬው ደግሞ ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ቦብ ሁቨር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ ከጀርመኖች ምርኮ ሲያመልጥ የጠላትን ተዋጊ አውሮፕላን ነጥቆ የወጣ፣ ከዚያም በኋላ በአየር ትርኢት ስሙ የገነነ አሜሪካዊ አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በኦክላሆማ ሲቲ ባሳየው ትርኢት የተገኙ ሁለት የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ኢንስፔክተሮች፣ አእምሮው ደክሟል የሚል አስተያየት በማቅረባቸው የጤና ምስክር ወረቀቱን ተነጠቀ፤ አውስትራሊያ ፈቃድ ብትሰጠውም በአገሩ ሰማይ ተመልሶ ለመብረር እስከ 1995 ድረስ መሟገት ግድ ሆነበት። የሁለቱ ኢንስፔክተሮች ሐሳብ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን ነገሩን የሰማ አብራሪ ሁሉ፣ የሁለት ሰዎች ግምት የሰውን የሕይወት ሞያ ለዓመታት ሊያግድ እንደሚችል ተረዳ፤ ይህንንም የተረዳ ሰው በኢንስፔክተር ፊት አፉን ቢቆጥብ አይፈረድበትም። ከዚያም ወዲህ የኦክላሆማው ሴናተር ጂም ኢንሆፍ እ.ኤ.አ. በ2010 በቴክሳስ በተዘጋ ማኮብኮቢያ ላይ አውሮፕላናቸውን በማሳረፋቸው በተመረመሩ ጊዜ፣ ምርመራው ምን እንደሚመስል በራሳቸው ደርሶ አዩት፤ በ2012ም አስተዳደሩ በአብራሪ ላይ ምርመራ ሲከፍት በጊዜው እንዲያሳውቀውና ማስረጃውን እንዲያሳየው የሚያዝ ሕግ እንዲወጣ አደረጉ። ጥፋቱ የሴናተሩ ቢሆንም ሕጉ ርቱዕ ነው፤ የሚያሳዝነው የተራው አብራሪ አቤቱታ ጆሮ ያገኘው አንድ ሹም ከቀመሰው በኋላ መሆኑ ነው።

ዝምታ የሚያስከፍለውን ዋጋ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ግን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 የደረሰው አደጋ ነው። የእኛን አየር መንገድ በምሥረታው ዘመን ደግፎ ያቆመው የቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ የበረራ ቁጥር 514 አውሮፕላን፣ በዋሽንግተን አጠገብ ዳለስ ወደተባለው ማረፊያ ሲቃረብ ከሚገባው ከፍታ በታች ወርዶ ቨርጂኒያ ውስጥ ከተራራ ጋር ተጋጨና 92 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው መንገድ ተመሳሳይ ስሕተት ሠርተው ተራራውን ለጥቂት አምልጠውት ነበር፤ ለኩባንያቸው ነገሩት፣ ኩባንያውም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ፤ ወሬው ግን ከዚያ ቅጥር አልወጣም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የአቪዬሽን አስተዳደሩ በ1975 አብራሪዎች ስሕተታቸውን ሳይቀጡ የሚናገሩበት መዝገብ ከፈተ፤ እነርሱ ግን ፈቃዳቸውን ለመንጠቅ ሥልጣን ላለው መሥሪያ ቤት ጥፋታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው መስጠትን ፈሩ። ስለዚህ በሚከተለው ዓመት መዝገቡ የመቅጣት ሥልጣን ለሌለው ለአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ለናሳ ተላለፈ፤ ሳያስበው የተሳሳተ፣ ወንጀል ያልሠራና አደጋ ያላደረሰ አብራሪ በ10 ቀን ውስጥ ነገሩን ከጻፈ፣ በኋላ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከቅጣት እንዲድን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ቃል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ።

አባቶቻችን ይህን ምሥጢር ቀድሞውንም ያውቁት ነበር። ተነሳሒው ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ የሚገልጠው፣ የነፍስ አባቱ ቀኖና ይሰጠዋል እንጂ ለዳኛ አሳልፎ እንደማይሰጠው አምኖ ነው፤ ዳኛውም በአደባባይ በምስክር ይፈርዳል እንጂ ኑዛዜ አይቀበልም። ሁለቱን ሥልጣናት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብንጭናቸው ኑዛዜውም ይቀራል፤ ፍርዱም ይበላሻል።

ወዳጅነት ደግሞ ከፍርሃት የማያንስ ጥፋት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳውዝዌስት የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ፣ የአካል ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ለማየት ሊያደርገው ይገባ የነበረውን ምርመራ በ46 አውሮፕላኖቹ ላይ ሳይፈጽም መቅረቱን ገለጸ፤ ሲገልጽ ግን አውሮፕላኖቹ ወዲያው ከበረራ አልታገዱም፤ የመንግሥቱ አለቃ ኢንስፔክተር አይቶ እንዳላየ አሳለፋቸው። ይህን ዝም ብለው ያላለፉት ከእርሱ በታች የነበሩት ኢንስፔክተሮች ቦቢ ቡትሪስና ዳግላስ ፒተርስ ነበሩ፤ በ2008 በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው በመሥሪያ ቤታቸው የደረሰባቸውን ጫና ጭምር መሰከሩ። በአየር መንገዱ ላይ 10.2 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጠየቀበትና በኋላ በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። እኔ ከገንዘቡ ይልቅ የማስተውለው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ደንብ ነው፤ በዚህ ደንብ መሠረት አየር መንገድ ቀድሞ ይቆጣጠረው የነበረውን ኢንስፔክተር ቀጥሮ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በዚያው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ጉዳይ አስፈጻሚ አድርጎ ሊያቆመው አይችልም። የነገው አሠሪ ሊሆን የሚችለውን ኩባንያ ዛሬ የሚመረምር ሰው፣ ሳያውቀውም ቢሆን ብዕሩ ይለዝባልና።

የመጨረሻው ምሳሌ በገዛ ምድራችን የተፈጸመ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው የአየር መንገዳችን የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን 157 ነፍሳትን ይዞ ጠፋ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት 19 ቀንም በኢንዶኔዥያ ያው ዐይነት አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይደፋ የነበረው ኤምካስ የተባለው ሥርዐት በአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ምልክት ብቻ ይነሣ ነበር፤ አሠራሩም ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም። ይህ የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የምርመራውን ሥራ ብዙውን ክፍል ለአምራቹ ሠራተኞች በውክልና ስለሰጠ፣ የቀሩትም የመንግሥት መርማሪዎች የሥርዐቱን ሙሉ ኀይል ሳይነገራቸው ከመመሪያው እንዲወጣ ስለፈቀዱ ነው፤ አምራቹ ቦይንግም እ.ኤ.አ. በ2021 ከፍትሕ ሚኒስቴሩ ጋር ባደረገው ስምምነት ሁለት ቴክኒካል አብራሪዎቹ መርማሪዎቹን እንዳሳሳቱ አመነ። በዋሽንግተን ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ዋጋው በጊምቢቹ እርሻ ላይ ተከፈለ። የሚያስደነግጠው ነገር፣ እነዚያ መርማሪዎች ሰነፎች ወይም ጉቦኞች መሆናቸው አለመነገሩ ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች ዝም ስላሏቸው ብቻ የፊርማቸው ክብደት ባዶ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የኢንስፔክተሩ ኑሮ ምን እንደሚመስል ማሰብ ይገባል። በብዙ አገር ተቆጣጣሪ የሚመጣው ከብዙ አየር መንገዶች መካከል ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ትልቁ አየር መንገድ አንድ ስለሆነ፣ አብራሪውን ያስተማረው፣ ያሳደገውና ካፒቴን ያደረገው ቤት ከሞላ ጐደል ያው አንዱ ነው። እንግዲህ ከዚያ ቤት ወጥቶ ኢንስፔክተር የሚሆን ሰው፣ ከትናንት አስተማሪው ኋላ ተቀምጦ እጁን ይመለከታል፤ አብሮት የተመረቀውን ጓደኛውን አልበቃህም ብሎ ይጽፋል፤ ሥራውን ቢለቅም ተመልሶ የሚገባበት ሌላ በር እምብዛም የለውም። ከዚህም በላይ አየር መንገዱም ባለሥልጣኑም የአንድ መንግሥት ንብረትና መሥሪያ ቤት ናቸው፤ የአገር ክብርና የውጭ ምንዛሪ የተንጠለጠለበትን በረራ አቁሙ ብሎ መጻፍ፣ ሕጉ ቢፈቅድም ልብን ይፈትናል። ይህ ሰው የሚፈለግበት ዕውቀት ደግሞ እጥፍ ነው፤ አብራሪነቱን ሳያዝግ በሰዓት እየቆጠረ መብረር አለበት፤ ሕግና መመሪያ ማጥናት፣ የመዝገብ ጽሕፈት፣ የምርመራ ጥበብም ያስፈልገዋል። ደመወዙ ግን በመንግሥት ሠራተኞች መሰላል የሚለካ ከሆነ፣ ኮክፒት ውስጥ ከሚመረምረው ካፒቴን ጋር ሲነጻጸር ያሳፍረዋል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የመንግሥታትን የቁጥጥር ችሎታ ከሚመዝንባቸው ስምንት መሠረታዊ ነገሮች አንዱ ብቁ የቴክኒክ ሠራተኛ መኖር ነው፤ ብቁ ሰው ደግሞ በሹመት ደብዳቤ ብቻ አይገኝም።

ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የኢንስፔክተሩ ደመወዝ ከሚመረምረው ካፒቴን ደመወዝ ጋር እንዲቀራረብ፣ ለዚህም የሚሆነው ገንዘብ ከአየር መንገዱ ፈቃድ ጋር ሳይያያዝ በሕግ እንዲወሰን፤ ኢንስፔክተሩም ሥራውን ሲለቅ ወደሚቆጣጠረው ኩባንያ ከመግባቱ በፊት የተወሰነ የዕረፍት ዘመን እንዲኖር። ሁለተኛ፣ አብራሪዎች፣ የጥገና ባለሞያዎችና የበረራ አስተናጋጆች ስሕተታቸውን በምሥጢር የሚገልጹበት መዝገብ ከቁጥጥሩ ክፍል ውጭ፣ መቅጣት በማይችል እጅ፣ ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲ ዘንድ እንዲቀመጥ፤ ነገሩ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚታረመው እንዲህ ሲሆን ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ኢንስፔክተር አልፈርምም ያለበትን ጉዳይ አለቃው ሊሽረው ቢፈልግ፣ ምክንያቱን ጽፎ፣ ስሙን አስቀምጦ፣ ፊርማውን አኑሮ እንዲሽረው፤ በስልክ የሚሻር ውሳኔ እንዳይኖር። አራተኛ፣ ምርመራ የተከፈተበት አብራሪ ማስረጃውን እንዲያይና በጽሑፍ እንዲመልስ ጊዜ እንዲሰጠው፤ እውነተኛ ጥፋት ሲገኝም ቅጣቱ ያለ ርኅራኄ እንዲፈጸም። ሰክሮ ለመብረር የቀረበን፣ ሰነድ የደለዘን፣ ሆን ብሎ ደንብ የጣሰን ሰው ማንም ምሥጢር ሊሸፍነው አይገባም።

ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ለአብራሪዎችም የምለው አለኝ። ኢንስፔክተሩን በካፍቴሪያው ስናማው፣ ለበረራ የማይሆን ሰው የሚሄድበት ሥራ ነው እያልን ስንሳለቅ፣ ዘወር ብለን ራሳችንን ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነበር፤ የተሻለው ካፒቴን ሁሉ እኔ አልሄድም ካለ ለዚያ ወንበር የሚቀረው ማን ነው? የናቅነው ሥራ በናቅነው ሰው ሲሞላ፣ ፍርዱን የምንቀበለው እኛው ነን። ባለሥልጣኑ ከላይ የጠየቅሁትን ቢያደርግ፣ እናንተም በሃምሳ ዓመታችሁ ሳይሆን በብርታታችሁ ዘመን፣ ቢያንስ ጥቂት ዓመት ያንን ወንበር ለመቀመጥ ፈቃደኞች ሁኑ። ስሕተታችሁን ለመናገርም የመዝገቡን መከፈት አትጠብቁ፤ ዛሬ ለረዳት አብራሪያችሁ በግልጽ የምትናገሩት ጥፋት ነገ ሌላውን ሰው ያድናል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤ ከዘረዘርኋቸው ነገሮች መካከል አስቀድማችሁ የፈጸማችሁት ቢኖር ደብዳቤዬ ስለ እርሱ ምስጋና ሆኖ ይቆጠርልኝ፤ ነገር ግን የተሠራው ነገር ለሕዝብ ይነገር፣ አብራሪዎችም መኖሩን ይወቁት፤ ማንም የማያውቀው ከለላ ማንንም አያናግርምና። ያልተሠራውን በተመለከተ፣ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ወይም ለምን እንደማይሠራ በዚሁ በአደባባይ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ ካፒቴን

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ አብራሪዎችና ለአውሮፕላን ጥገና ባለሞያዎች በሙሉ
ለመንገደኛው ሕዝብ